ፊውዙ የሚጠብቀው ማንን ነው?

በዚህ ወር ስለ መኪና ሙዚቃ እናወራለን። ስለ ዘፈኖቹ ግን አይደለም። ከሞተሩ ኮፈን ሥር ተነስቶ፣ በምንጣፉ ሥር አልፎ፣ ልጆቻችን ከሚቀመጡበት ወንበር ኋላ ስለሚደርሰው ሽቦ ነው።

መኪና ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ሳሎን ሆኗል። በሥራ ቀን የመንገዱን መጨናነቅ የምንረሳው በሙዚቃ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ስንወጣም ጨዋታው የሚደምቀው በእሱ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ድምፅ አላረካ ሲል አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር ማስገጠም ይከተላል። ባለመኪናው ስለ ብራንዱ ሳምንት ሙሉ ይጠይቃል፣ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ ዋጋ ያወዳድራል። ሽቦውና ፊውዙ ጋ ሲደርስ ግን «እሱን ገጣሚው ያውቃል» ብሎ ያልፈዋል። ገጣሚው ደግሞ አንዳንዴ የሚያስገባው በእጁ ያለውን ነው።

ስጋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አምፕሊፋየር ቢበላሽ ሙዚቃ ይቀራል። ሽቦ ቢቃጠል ግን መኪናው ከነተሳፋሪዎቹ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደግነቱ ትክክለኛውን ሽቦና ፊውዝ ለመምረጥ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ስልክ በእጃችሁ ካለ ይበቃል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትሳቱ፦ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ የሚፈልገው፣ ቀጥሎ ያንን የሚሸከመው ሽቦ፣ በመጨረሻ ሽቦውን የሚጠብቀው ፊውዝ።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

እኔ በሙያዬ የገበያ ሰው ነኝ። ለዕቃ ሳጥን ጽሑፍ ሲወጣ ትልቁ ቁጥር ከፊት፣ ትንሹ ከጀርባ እንደሚሄድ በደንብ አውቃለሁ። አምፕሊፋየር የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፊት በትልቁ «2000 ዋት» ይላል፤ አጠገቡ በትንንሽ ፊደል «ማክስ» የሚል ቃል አለ። ይህ ቁጥር ዕቃውን ለመሸጥ ይረዳል እንጂ ሽቦ ለመምረጥ አይረዳም።

የምትፈልጉት ቁጥር በመመሪያው ውስጥ «አር.ኤም.ኤስ» ከሚለው አጠገብ ያለው ነው። አምፕሊፋየሩ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል የሚነግረን እሱ ነው። መመሪያው ከጠፋ ደግሞ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። ሽቦ የሚገባበትን ጎን እዩት። ብዙዎቹ እዚያ ላይ በቀለም የሚለዩ ትንንሽ ፊውዞች አሏቸው፤ ቢጫው 20 አምፔር፣ መስታወት የሚመስለው ነጩ 25፣ አረንጓዴው 30 ነው።

«2000 ዋት» የተባለው ዕቃ ሁለት ባለ 25 ፊውዝ አለው እንበል። በድምሩ 50 አምፔር ማለት ነው። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 13.8 አካባቢ ነው። 50ን በ13.8 ስናባዛ 690 ዋት ይመጣል። ዕቃው ለረዥም ጊዜ ከዚህ ብዙ በላይ ልውሰድ ቢል ፊውዙ ይቆረጣል። ከገባውም ኃይል የተወሰነው ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይባክናል። ስለዚህ ስፒከሩ ዘንድ የሚደርሰው ከ400 እስከ 550 ዋት ቢሆን ነው። የቀረው ሳጥኑ ላይ ብቻ ያለ ኃይል ነው። ዋጋ ስትከራከሩም ይህን ሒሳብ ይዛችሁ ብትቀርቡ ትጠቀማላችሁ።

ስንት አምፔር ይፈልጋል?

አምፕሊፋየሮች በብክነታቸው ይለያያሉ። ለበርና ለፊት ስፒከሮች የሚውሉት ብዙዎቹ የቆዩ ዓይነቶች «ክላስ ኤቢ» ይባላሉ፤ በደንብ ሲጮኹ ከሚወስዱት ኃይል ወደ ድምፅ የሚቀይሩት በግምት ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ ያለውን ነው። ለሰብዉፈር የሚመረጡት «ክላስ ዲ» የሚባሉት ደግሞ 80 ከመቶ ያህሉን ይቀይራሉ። ዓይነቱ ሳጥኑ ወይም መመሪያው ላይ ይጻፋል።

ስሌቱ ይህ ነው፦ የሁሉንም ቻናል አር.ኤም.ኤስ ዋት ደምሩ። ለክላስ ኤቢ በ0.55፣ ለክላስ ዲ በ0.8 አካፍሉ። የመጣውን እንደገና በ13.8 አካፍሉ። መልሱ አምፔር ነው።

በሁለት ምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ ለኮሮላው አራት ቻናል ያለው፣ በየቻናሉ 50 ዋት የሚሰጥ ክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ገዛ። ድምሩ 200 ዋት ነው። በ0.55 ሲካፈል 364፤ በ13.8 ሲካፈል 26 አምፔር። በኋላ ደግሞ ለሰብዉፈር 500 ዋት የሚሰጥ ክላስ ዲ ጨመረ። 500 በ0.8 ሲካፈል 625፤ በ13.8 ሲካፈል 45 አምፔር። ሁለቱ አንድ ላይ 71 አምፔር ይፈልጋሉ።

ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ይህን ያህል ሁልጊዜ አይወስዱም። እኛ የምንመርጠው ግን ድምፁ እስከ ጥግ ለተከፈተበት፣ ሁሉም አብሮ ለሚያዜምበት ሰዓት ነው።

ሽቦው ለምን ይወፍራል?

ሮቶ ሙሉ ውሃ አላችሁ፤ የምታወርዱት ግን በቀጭንና ረዥም ጎማ ነው። ከታች የሚደርሰው ውሃ ጉልበት የለውም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ሽቦ በቀጠነና በረዘመ ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀረው ይበዛል። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ሲቀር ሙቀት ይሆናል።

በብዙ መኪኖች ባትሪው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ነው። ሽቦው ዞር ዞር ብሎ ሲሄድ 5 ሜትር ያህል ይፈጃል። ለሰብዉፈሩ 45 አምፔር በባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብናሳልፍ 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። 44 ዋት ሙቀት በሽቦው ርዝመት ይበተናል፤ የአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ሙቀት ምንጣፍ ሥር ተዘረጋ ማለት ነው። በዚያው ቦታ ባለ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብናስገባ የሚቀረው ከ0.2 ቮልት አይበልጥም፤ ሙቀቱም ወደ 8 ዋት ይወርዳል።

ልዩነቱ ለጆሮም ይሰማል። ቮልቴጅ ያነሰው አምፕሊፋየር ድምፁን ቶሎ መሰባበር ይጀምራል። ባለቤቱ «አቅም አነሰው» ብሎ ድምፅ ይጨምራል፤ በዚህ መሃል ስፒከሩ ይቃጠላል። ብዙ ሰው «ስፒከሩ የማይረባ ነበር» የሚለው ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ሳለ ነው።

የመኪና ሙዚቃ ሽቦ በአብዛኛው የሚሸጠው በ«ጌጅ» ቁጥር ነው። ቁጥሩ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ለ5 ሜትር ያህል ርቀትና ለንጹሕ መዳብ የሚከተለውን ያዙ፦

እስከ 30 አምፔር፦ 8 ጌጅ፣ ማለትም 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ።

ከ30 እስከ 80 አምፔር፦ 4 ጌጅ፣ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ።

ከ80 እስከ 120 አምፔር፦ 2 ጌጅ፣ 33 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ።

ከዚያ በላይ፦ «ዜሮ ጌጅ» የሚባለው፣ 53 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ።

በሁለት መጠኖች መካከል ስታመነቱ ወፍራሙን ውሰዱ። ሽቦ በመወፈሩ የሚጎዳ አምፕሊፋየር የለም።

መዳብ የሚመስል ሁሉ መዳብ አይደለም

ገበያ ላይ ካሉት የሽቦ ጥቅሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው አልሙኒየም፣ ላያቸው መዳብ የተቀባ ነው። ሳጥኑ ላይ «ሲ.ሲ.ኤ» የሚል ጽሑፍ ካለ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ ይልቅ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክን ይገታል። ስለዚህ መዳብ ቢሆን 8 ጌጅ ለሚበቃበት ቦታ፣ ይህኛው 4 ጌጅ መሆን አለበት።

መለየቱ ቀላል ነው። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ስትገዙ ጫፉን ልጣችሁ አንዱን ክር በቢላ ፋቁት። ውስጡ ብርማ ከሆነ አልሙኒየም ነው። በእጃችሁም መዝኑት፤ መዳብ ይከብዳል።

ሌላው ዘዴ ፕላስቲኩን ማወፈር ነው። ከውጭ አውራ ጣት የሚያክል ቀይ ሽቦ ሲላጥ ውስጡ እርሳስ የሚያህል ክር ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋጋ የምትከፍሉት ለመዳቡ ነውና መዳቡን አይታችሁ ግዙ።

ዘበኛው የት ይቁም?

አሁን ወደ ርዕሳችን ጥያቄ ደረስን። «አምፕሊፋየሩ የራሱ ፊውዝ አለው፤ ሌላ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ሥራው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ለሚፈጠር ብልሽት ነው። ከባትሪው እስከዚያ ያለውን 5 ሜትር ሽቦ ግን አያውቀውም። ባትሪው አጠገብ የሚገጠመው ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባው የብረት ግድግዳ በስቶ ነው። መኪና ይንቀጠቀጣል። የቀዳዳው ጠርዝ ቀን ከቀን ፕላስቲኩን ይፍቃል። አንድ ቀን መዳቡ ከመኪናው አካል ጋር ይነካካል፤ ሠራተኞቹ «ሾርት አደረገ» የሚሉት ነው። ሞተር ለማስነሳት ከመቶ አምፔር በላይ የሚሰጥ ባትሪ በዚያች ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በሽቦው ይለቃል። መንገድ ላይ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ምንጣፉና ስፖንጁ ይቀጣጠላል። ሞተር ማጥፋት አያድንም፤ ሽቦው የታሰረው በቀጥታ ከባትሪው ነውና።

ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ክንድ፣ ማለትም ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ቀረብ ካለ የተሻለ ነው። ፊውዙን ወደ ኋላ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ያደረገ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነበት። ዘበኛ የሚቆመው በር ላይ ነው፤ በሩ ደግሞ ባትሪው ነው።

መጠኑስ? ሁለት ወሰን አለው። ከታች፣ አምፕሊፋየሩ ከሚፈልገው ማነስ የለበትም፤ አለዚያ በየዘፈኑ ይቆረጣል። ከላይ፣ ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። ለንጹሕ መዳብ 8 ጌጅ ከ50 አምፔር፣ 4 ጌጅ ከ100፣ 2 ጌጅ ከ150 በማይበልጥ ፊውዝ ቢጠበቅ ጥንቃቄ ነው። ለአልሙኒየሙ ከዚህ ቀንሱ።

በምሳሌያችን 26 አምፔር ለሚፈልገው፣ 8 ጌጅ ለተዘረጋለት፣ 40 አምፔር ፊውዝ ይስማማዋል። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በአንድ ዋና ሽቦ ሲሄዱ ደግሞ 71 አምፔር፣ 4 ጌጅ፣ 80 አምፔር ፊውዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ወፍራሙ ሽቦ ከኋላ ደርሶ ወደ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከተከፈለ፣ ቀጭኖቹ በ80 አምፔሩ ፊውዝ አይጠበቁም፤ እሱ እስኪቆረጥ እነሱ ይነድዳሉ። ሽቦ በቀጠነበት ቦታ ሁሉ ለቀጭኑ የሚመጥን አዲስ ፊውዝ ይገባል። ለዚህ የሚሆን ባለ ፊውዝ ማከፋፈያ ይሸጣል።

ፊውዝ ቢቆረጥ ምን ይደረግ? በተመሳሳዩ ቀይሩት። ደግሞ ከተቆረጠ ምክንያቱን አስፈልጉ። ባለ 80ውን በባለ 150 መተካት፣ በሲጋራ ወረቀት ብር መጠቅለል፣ ወይም «ለጊዜው ዳይሬክት እናድርገው» ማለት ዘበኛው ጮኸ ብሎ ዘበኛውን ማባረር ነው።

መመለሻውም መንገድ ነው

በቀዩ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በጥቁሩ፣ በኔጌቲቩ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ጥቁሩ ከቀዩ እኩል ይወፍር። ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ላሜራ መታየት አለበት፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንድ ብሎን ግን ፈጽሞ አይነካ፤ እሱም የደህንነት ቀበቶ የታሰረበት ነው። በአደጋ ሰዓት የልጃችሁን ክብደት የሚይዘው እሱ ነውና።

ቀዩ ሽቦ ብረት በሚበሳበት ቦታ ሁሉ የጎማ ማቀፊያ ይግባለት። ከወንበር ሐዲድ ሥር አይለፍ። ከቴፑ የሚመጡት የድምፅ ገመዶች በአንዱ ጎን፣ ኃይል የሚሸከመው ሽቦ በሌላው ጎን ቢሄዱ ሞተር ሲጮህ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ይቀንሳል።

የመኪናውንም አቅም አትርሱ። የትናንሽ መኪኖች ዲናሞ ብዙ ጊዜ የሚያመነጨው ከ60 እስከ 100 አምፔር ነው፤ ከዚያ ላይ መብራቱ፣ ማራገቢያውና የሞተሩ ሥራ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለቪትዝ 71 አምፔር መጨመር ከአንድ ደሞዝ ሌላ ቤት እንደ መከራየት ነው። ድምፅ ሲከፈት የፊት መብራት ከደበዘዘ፣ መኪናው «አልቻልኩም» እያለ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ ለሙዚቃ ሥራ የመጣ ሰው አይንካቸው። አምፕሊፋየሩ የሚገናኘው ከትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ብቻ ነው። እሱን የሚሞላው ክፍል አቅሙ ውስን ስለሆነ መጀመሪያ መኪናውን የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ።

ገጣሚውን ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?

ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ አይከፋውም። እነዚህን አምስቱን በትሕትና አንሱለት።

1. ወንድሜ፣ በስንት ጌጅ ነው የምትሠራልኝ? መዳብ ነው ወይስ አልሙኒየም?

2. ፊውዙን ከባትሪው በምን ያህል ርቀት ታስቀምጠዋለህ? ስንት አምፔር ነው?

3. ሽቦው ወደ ውስጥ በየት በኩል ይገባል? ጎማ ይደረግለታል?

4. ኔጌቲቩን የት ታስረዋለህ?

5. ሥራ ስትጀምር የባትሪውን ኔጌቲቭ ትፈታለህ?

ለአምስቱም ግልጽ መልስ ከሰጠ ቁልፉን ስጡት። «አታስቡ፣ ምንም አይሆንም» ብቻ ካለ ሌላ ጋራዥ ሞክሩ።

አስቀድማችሁ ላስገጠማችሁም ጊዜው አልረፈደም። ነገ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳውን ወፍራም ሽቦ በዓይናችሁ ተከተሉት። በአንድ ክንድ ውስጥ ፊውዝ አለ? ቁጥሩ ስንት ነው? ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ከተጫወተ በኋላም የፊውዙን መያዣ ከውጭ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለብ ማለቱ ምንም አይደለም፣ ካቃጠለ ግን ወይ ሽቦው ቀጥኗል ወይ ብሎኑ ላልቷል። ፊውዙን ጭራሽ ካጣችሁት ባለሙያ ሽቦውን ከባትሪው ፈትቶ ያቆይላችሁ፤ ፊውዝ እስኪገባ ድረስ በሬዲዮኑ ተጫወቱ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እስከሚቀጥለው ወር ሰላም ሁኑ፤ መልካም ጉዞ ከመልካም ሙዚቃ ጋር!